የሠራችሁትን ማን ያርምላችሁ?

እንጅባራ ተቀምጣችሁ ስቶካስቲክ ፕሮሰስን በራሳችሁ ለማጥናት የተነሣችሁ ልጆቼ፣ መለማመጃ ጥያቄ አጣን ብላችሁ አትጨነቁ። ጥያቄ ሞልቷል። የሚታጣው አራሚ ነው። ብቻውን የሚያጠና ሰው ተሳስቶም ልክ ነኝ ብሎ ያልፋል፤ ስለዚህ ከጥያቄው ብዛት በፊት መፍትሔው አብሮ መኖሩን እዩ።

ፕሮባብሊቲያችሁ ገና ካልጠነከረ ከሃርቫርዱ ጆሴፍ ብሊትዝስታይን ጀምሩ። መጽሐፉም የተመረጡ ጥያቄዎች መፍትሔም በነፃ ይገኛሉ፤ ወደ መጨረሻው ማርኮቭ ቼይን አለበት። ቀጥላችሁ ሮበርት ጋላገር በ2011 እ.ኤ.አ. ኤምአይቲ ያስተማረውን ኮርስ ያዙ፤ ቪዲዮው፣ የቤት ሥራውና ፈተናው ከነመልሱ ተለቋል። ከዚያ ወዲያ የግሪሜትና የስተርዛከር የጥያቄ መጽሐፍ አለ፤ ከሺህ የማያንሱ ጥያቄዎች ከነመፍትሔያቸው። መብራትና ኔትወርክ ባለበት ሰዓት አውርዳችሁ በፍላሽ ያዙ። አደራ፣ ፒዲኤፍ መሰብሰብ ጥናት እንዳይመስላችሁ፤ አንዱን ሳትጨርሱ ሌላውን አትክፈቱ። መፍትሔውንም ቢያንስ አንድ ሌሊት ሳታድሩበት አትዩ።

ራሱን በራሱ የሚያርም ጥያቄም አለ፤ እኔ አብልጬ የምወደው ይህን ነው። ማርኮቭ በ1913 እ.ኤ.አ. የፑሽኪንን “ዬቭጌኒ ኦኔጊን” 20,000 ፊደል ቆጠረ። (አዎ፣ ቅድመ አያቱ ሐበሻ ነበር እያልን የምንኮራበት ፑሽኪን።) ከአናባቢ ቀጥሎ አናባቢ የመምጣቱ ዕድል 0.128፣ ከተነባቢ ቀጥሎ አናባቢ የመምጣቱ 0.663 ሆነ። ከእነዚህ ከሁለቱ ብቻ ተነሥታችሁ የአናባቢዎችን ድርሻ አስሉ። 0.663ን ለ1.535 ስታካፍሉ 0.432 ካገኛችሁ ልክ ናችሁ፤ ማርኮቭ የቆጠራቸው አናባቢዎች 8,638 ነበሩና።

አሁን የራሳችንን ዝናብ ውሰዱ። ሐምሌና ነሐሴ አይሆኑም፤ በየቀኑ ስለሚዘንብ ምንም አያስተምሯችሁም። የግንቦትን ያዙ፣ የብዙ ዓመት መዝገብም ከሜትሮሎጂ ጠይቁ። ከዘነበ ቀንና ካልዘነበ ቀን ማግስት የመዝነቡን ዕድል ለየብቻ አውጡ፤ በማትሪክስ አስቀምጧቸውና ማትሪክሱን በራሱ አባዙ። ዛሬ ከዘነበ ከነገ ወዲያ የመዝነቡን ዕድል ይሰጣችኋል። ያንኑ ከመዝገቡ በቀጥታ ቁጠሩ። ሁለቱ በጣም ከተራራቁ መጀመሪያ ስሌታችሁን መርምሩ፤ ስሌቱ ልክ ከሆነ የግንቦት ሰማይ ከአንድ ቀን በላይ ያስታውሳል ማለት ሊሆን ይችላልና፣ የትናንትንና የዛሬን አንድ ላይ የያዙ አራት ሁኔታዎች አድርጋችሁ እንደገና ሥሩት።