ፎቶግራፍ ምስክር ነውን ወይስ ባለቅኔ?

ሰው ከሚገለገልባቸው ጥበባት መካከል እንደ ፎቶግራፍ በሁለት ወንበር የሚቀመጥ ብዙ አይገኝም። ዳኛ ማስረጃ ሲሻ፣ መሥሪያ ቤት መታወቂያ ሲሰጥ፣ በሩቅ አገር ያለ ዘመድ የሙሽሮቹን መልክ ለማየት ሲናፍቅ ፎቶግራፍ ይጠየቃል፤ የሚጠየቀውም የሆነውን እንደ ሆነ እንዲናገር ነው። ይኸው ፎቶግራፍ ደግሞ በትርኢት አዳራሽ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እንደ ቅኔ ይደነቃል፤ የሚደነቀውም ለዐይን ከታየው አልፎ ሌላ ነገር ስለሚናገር ነው። ከዚህ ሁለትነቱ አንድ የግብረ ገብ ጥያቄ ይወለዳል። ይኸውም፦ ካሜራ የያዘ ሰው ያየውን ነገር በብልሃት ለውጦ ቢያሳየን ጥበበኛ እንበለውን ወይስ ሐሰተኛ? የሚል ነው።

ጥያቄው ቀድሞ የጥቂት ባለሙያዎች ጉዳይ ነበር። ዛሬ ግን የእጅ ስልክ የያዘ ተማሪ ሁሉ ፎቶግራፍ አንሺ ስለ ሆነ የሁላችንም ጉዳይ ሆኗል። እንዲህ ያለውን ተማሪ በየሰፈሩ እናየዋለን። ዝናም ካባራ በኋላ ስልኩን ከመንገድ ዳር ከተጠራቀመ ውሃ አጠገብ ዝቅ አድርጎ ሕንፃውን ተገልብጦ ያነሣዋል። እናቱ ቡና ስታፈላ ከጀበናው አፍ የሚወጣው እንፋሎት ደምቆ እንዲታይ ጀበናውን በራሱና በመስኮቱ ብርሃን መካከል ያደርገዋል። ማታ በመገናኛ አደባባይ ስልኩን ከአጥር ላይ አስደግፎ፣ ብርሃኑን ለብዙ ሴኮንድ እንዲቀበል በማድረግ፣ የታክሲዎቹን የኋላ መብራት የተዘረጋ ቀይ ክር አስመስሎ ይሥለዋል። ሁለት ምስሎችንም አንዱን በአንዱ ላይ አነባብሮ የአያቱን ፊት ከዋርካ ቅርፊት ጋር ያዋህዳል።

በዚህ ተማሪ ላይ ሁለት ክስ ይቀርብበታል። አንዳንዱ «ጊዜ ማጥፋት ነው» ይላል፤ ሌላው «ያልነበረውን እንደ ነበረ አድርጎ ማሳየት ውሸት ነው» ይላል። የፊተኛው ክስ ቀላል ነው። አንድን ጀበና ከአራት አቅጣጫ የተመለከተ ልጅ ከዚያ በፊት ሳያስተውል ያልፈው የነበረውን ቤቱን ማየት ጀምሯልና ጊዜውን አላጠፋም። ሁለተኛው ክስ ግን ከባድ ስለ ሆነ ልንመረምረው ይገባናል።

ከሁሉ አስቀድመን፣ ማንም ሳይነካው ከነገሩ ጋር ፍጹም አንድ የሆነ ምስል ይገኛልን? ብለን እንጠይቅ። በቆርቆሮ ቤት ያደገ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሚስማር በተነቀለበት ቀዳዳ የሚገባው የፀሐይ ብርሃን በወለሉ ላይ ክብ ሆኖ ያርፋል። ይህ ክብ የቀዳዳው ቅርጽ ሳይሆን የፀሐይዋ ምስል ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ አካባቢ እንደ ታየው ፀሐይ ቀለበት ሆና በምትጋረድበት ጊዜ በእንዲህ ያለ ቀዳዳ የሚያልፈው ብርሃንም ቀለበት ይሥላል። ኢብን አል-ሀይሠም የተባለው ዐረብ ሊቅ ግርዶሽ በትንሽ ቀዳዳ አልፎ ስለሚሥለው ምስል በ11ኛው ምዕተ ዓመት ጽፏል። የካሜራ መሠረቱ ይኸው ነው። ዳሩ ግን ይህ የተፈጥሮ ካሜራ እንኳ ምስሉን የሚሥለው ገልብጦ ነው፤ ላዩን ታች፣ ቀኙን ግራ ያደርገዋል።

ሰው የሠራው ካሜራም ከመጀመሪያው ከዚህ አላመለጠም። ፈረንሳዊው ሉዊ ዳጌር በ1838 (ከዚህ በታች የባሕር ማዶ ታሪክ የምንጠቅስባቸው ዓመቶች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በፓሪስ ከተማ ቡልቫር ዱ ታምፕል የተባለውን መንገድ ከፍ ካለ መስኮት ሆኖ አነሣው። መንገዱ ሠረገላና እግረኛ የሚመላለስበት ነበር። ነገር ግን በብር የተለበጠው የመዳብ ሰሌዳ ምስሉን ተቀብሎ እስኪጨርስ ደቂቃዎች ስለሚፈጅበት የተንቀሳቀሰው ሁሉ ሳይቀረጽ ቀረ፤ መንገዱም ሕዝብ የለቀቀው ከተማ መሰለ። በጉልህ ተለይቶ የሚታየው ጫማውን ለማስጠረግ የቆመ አንድ ሰውና ከእግሩ ሥር ጎንበስ ያለው ጠራጊ ነው። በፎቶግራፍ መልካቸው ቀርቶ ከሚታወቁት ሰዎች ሁሉ የመጀመሪያዎቹ እነዚህ ናቸው ይባላል። እንግዲህ ዳጌር አልዋሸም፤ ሥዕሉ ግን ባዶ ያልነበረውን መንገድ ባዶ አድርጎ አሳየ።

በተቃራኒው ደግሞ ዐይን የሳተውን እውነት በብልሃት የተገኘ ሥዕል ያስተካከለበት ጊዜ አለ። ብዙ ሠዓሊዎች ጋላቢ ፈረስን የፊት እግሮቹን ወደ ፊት፣ የኋላ እግሮቹን ወደ ኋላ ዘርግቶ ሲሥሉት ኖረዋል። በ1878 ኤድዋርድ ማይብሪጅ በካሊፎርኒያ ካሜራዎችን በተርታ ደርድሮ ፈረሱን እየጋለበ ባነሣው ጊዜ፣ አራቱም እግሮች ከመሬት የሚለቁት እንደዚያ ተዘርግተው ሳይሆን ከሆዱ ሥር ተሰብስበው ሳለ መሆኑ ታወቀ። ስለዚህ ብልሃት ራሱ ውሸት ነው ማለት አይቻልም፤ አንዳንዴ ይሸፍናል፣ አንዳንዴም ይገልጣል።

ታዲያ ውሸቱ የሚጀምረው ከወዴት ነው? መልሱን ለማግኘት ባሕር መሻገር አያስፈልገንም። የአገራችን ቅኔ በሰምና በወርቅ የተሠራ ነው። ባለቅኔው በሰሙ አንድ ነገር እየተናገረ በወርቁ ሌላ ነገር ይላል፤ ሆኖም ሐሰተኛ ብሎ የከሰሰው የለም። ለምን ቢባል ሰሚው ቅኔ እየሰማ መሆኑን ያውቃልና ነው። እንደዚሁም በጥንታዊው የቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ጻድቃን በሁለት ዐይን፣ ከሓድያን በአንድ ዐይን ወደ ጎን ዞረው ይሣላሉ። ይህን አይቶ «እነዚያ ሰዎች አንድ ዐይና ነበሩ» ብሎ የሚያስብ ምእመን የለም፤ ሠዓሊውና ተመልካቹ በሥርዐቱ ተስማምተዋልና።

እንግዲህ ጥበብን ከሐሰት የሚለየው በሥዕሉ ላይ የተደረገው ለውጥ መብዛቱ ወይም ማነሱ ሳይሆን ሠሪው ለተመልካቹ የገባው ቃል ነው። ባለቅኔ በቅኔ ማሕሌት የሚናገረውን ያንኑ ቃል በችሎት ቆሞ፣ ምሎ ቢናገረው የሐሰት ምስክር ይሆናል። ቃሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የተቀመጠበት ወንበር ነው። በሁለቱም ወንበር በየተራ መቀመጥ ነውር እንዳልሆነ አይዳ ሙሉነህ ምሳሌ ልትሆነን ትችላለች። ይህች ኢትዮጵያዊት ፎቶግራፍ አንሺ በአሜሪካ በዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ የዜና ፎቶግራፍ ታነሣ ነበር፤ በኋላ ደግሞ የሰዎችን ፊትና አካል በደማቅ ቀለም ቀብታ በምታዘጋጃቸው ሥዕሎች ታወቀች። የቀለሙን ሥዕል ዜና ነው ብሎ የሚሳሳት የለም።

ወንበሩ ሲቀየር የሚመጣውን መዘዝ ደግሞ ሁለት ልጆች አሳይተውናል። በ1917 በእንግሊዝ አገር በኮቲንግሊ መንደር የ16 ዓመቷ ኤልሲ ራይትና የ9 ዓመቷ ፍራንሲስ ግሪፊትስ፣ ክንፍ ያላቸው ጥቃቅን ሴቶች ከወረቀት ቈርጠው በባርኔጣ መርፌ ሣር ላይ ተክለው በቤተ ሰባቸው ካሜራ ተነሡ። ይህ የልጆች ጨዋታ ነበር። ነገር ግን ሥዕሉ ከትልልቆቹ እጅ ገባ። ስመ ጥሩው ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል የመናፍስት መኖር ማረጋገጫ ነው ብሎ በ1920 በመጽሔት ጽፎ አስወጣው። ልጆቹም እውነቱን ለመናገር አፈሩ። ዘዴውን ለዓለም የገለጡት በ1983፣ ከ66 ዓመት በኋላ፣ አሮጊቶች ከሆኑ ወዲያ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ይሁን እንጂ አንዲት ጨዋታ ምስክር ተብላ ሁለት ሰዎችን ዕድሜ ሙሉ አስራ ኖረች።

በአገራችንም ከዚህ የከበደ ነገር ታይቷል። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በ1973 የወሎን ረሃብ በፊልም አንሥቶ ለዓለም አሳየ። ያው ፊልም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው በወረዱበት ዋዜማ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ከቤተ መንግሥት የግብዣ ትርኢት ጋር ተቀጣጥሎ ለኢትዮጵያ ሕዝብ በቴሌቪዥን ቀረበ። ረሃቡ እውነት ነበር፤ ግብዣውም እውነት ነበር። መራቡ ተደብቆ መቈየቱም የሚካድ አይደለም። ዳሩ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ፍርዱን የሰጠው መቀሱ ነው። ፍርዱ ትክክል ነው የሚል ሰው እንኳ ዳኛው ማን እንደ ነበረ ሊያውቅ ይገባዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቁራጭ ያልተነካ መሆኑ ብቻውን ምስክርነትን አያጸናም።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሠሪውና ስለ ተመልካቹ ነው። ሦስተኛ ሰው ግን አለ፤ እርሱም በሥዕሉ ውስጥ ያለው ነው። በ1936 ዶሮቲያ ላንግ በካሊፎርኒያ በአንድ የአተር ለቃሚዎች ሠፈር ልጆቿን አቅፋ በሐሳብ የተዋጠች እናት አነሣች። ሥዕሉ በጋዜጣ ከወጣ በኋላ ለሠፈሩ ምግብ ተላከ፤ እናቲቱና ልጆቿ ግን ከዚያ ሄደው ነበር። ላንግ ስሟን አልጠየቀቻትም። ፊቷን ዓለም ሁሉ አወቀው፤ ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምፕሰን መባሏ ግን በይፋ የታወቀው በ1978 ነው። ያን ጊዜም ሥዕሉ ለእርሷ ምንም እንዳልፈየደላት በቅሬታ ተናገረች። ሥዕሉ እውነተኛ ነው፤ ዓላማውም በጎ ነበር፤ ሆኖም የእናቲቱ ሐዘን የሌሎች ሀብት ሆኖ እርሷ ስም የለሽ ሆና ቀረች።

ይህ ጉዳይ ለተማሪያችን ቅርብ ነው። ከእንጦጦ ማገዶ ተሸክማ የምትወርድ እናት ከማታዋ ፀሐይ ፊት እንደ ጥቁር ጥላ ስትታይ ታምራለች። በፒያሳ ጎንበስ ብሎ ጫማ የሚጠርግ ሊስትሮም ከመሬት ዝቅ ብሎ ለሚያነሣው መልካም ሥዕል ይሆናል። ነገር ግን የእናቲቱ ጀርባ ይታመማል፤ ሊስትሮውም ስም አለው። ሰው ለሌላው ሰው ወርቅ ማውጫ የሚቀልጥ ሰም አይደለም። ስለዚህ ተማሪው «እማማ፣ ላንሣዎት? ይፈቅዱልኛል?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል፤ «አይሆንም» ቢሉትም እጁን መሰብሰብ አለበት። «ፈቃድ ከተጠየቀ ሰውዬው ተዘጋጅቶ ይቆማል፤ ያልታሰበው ውበት ይጠፋል» የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ቢሆንም ካነሡ በኋላ ሥዕሉን አሳይቶ መጠየቅ፣ ባለቤቱ ካልወደደውም ማጥፋት ይቻላል። በዚህ ምክንያት የሚቀር መልካም ሥዕል ቢኖር ለሰው ክብር የተከፈለ ዋጋ ነው እንላለን።

እኛ የመንግሥት ሠራተኞችም ይህን ለተማሪ ብቻ ትተን ማለፍ አይገባንም። ከሪፖርት ጋር የሚያያዘው ፎቶግራፍ በምስክር ወንበር የተቀመጠ ነው። የተሠራው ግድግዳ ብቻ እንዲታይ፣ ያልተከደነው ጣሪያ ግን ከሥዕሉ ውጭ እንዲቀር ተመርጦ የተነሣ ትምህርት ቤት ለአለቃ ሲላክ፣ አንዲት ነጥብ እንኳ ሳይነካካ ሐሰት ሆኗል። የውሃ ቧንቧ በተመረቀበት ቀን የተነሣ ሥዕል፣ ቧንቧው ከደረቀ በኋላ ለመንደሩ እንስራ አይሞላም። ተማሪው በኩሬ ውሃ ሕንፃውን ቢገለብጥ ማንንም አልበደለም፤ በሪፖርት እውነቱን የገለበጠ ሹም ግን ጥም ያለበትን ሰው በድሏል።

በዛሬው ዘመን ቃል ብቻ ተነግሮት ያልነበረ ሰውና ያልተደረገ ነገር የሚሥል መሣሪያ ተገኝቷል። ስለዚህ ሥዕል ራሱን ችሎ የሚመሰክርበት ጊዜ እያለፈ ነው፤ ከእንግዲህ የሚመረመረው ያነሣው ሰው ታማኝነት ይሆናል። መምህራን ካሜራ የያዘውን ተማሪ ከመከልከል ይልቅ ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር መቼ፣ የት፣ በምን ዘዴ እንዳነሣው እንዲጽፍ ቢያስተምሩት ጥበቡንም ኅሊናውንም ያሳድጉለታል። ቅኔ ሲሠራ ቅኔ መሆኑን ይንገረን፤ ሲመሰክር እንደ መሐላ ቃል ይጠንቀቅ፤ በሁለቱም ጊዜ በፊቱ የቆመው ሰው ባልንጀራው መሆኑን አይርሳ። ይህን የጠበቀ ተማሪ ብርሃንን እንደ ወደደ ቢያጥፈው እውነትን አያጐድላትም።