የሰረቀና የፋቀ

ጥንታዊ የብራና መጽሐፍ ገልጦ የሚመለከት ሰው ከደራሲው ቃል ሌላ የብዙ ሰዎችን ምልክት ያገኛል። በቅጠሉ ግርጌ የገላጮች ጣት ያሳደረው ወዝ፥ በሌሊት ንባብ ጊዜ የተንጠባጠበ የጧፍ ሰም፥ ተፈላጊው ክፍል ቶሎ እንዲገኝ በጠርዙ የተሰፋ ባለቀለም ክር ይታያል። ባዶ በቀሩት ቅጠሎችም የርስትና የጉልት ነገር ከነምስክሮቹ ስም ተጽፎ ይገኛል፤ አባቶች መጽሐፉን የጸሎት ብቻ ሳይሆን የኑሯቸውም መዝገብ አድርገውት ነበርና።

ከነዚህ ሁሉ ይልቅ ለሕሊና ጥያቄ የሚያቀርበው የባለቤቱ ስም ነው። መጽሐፉ የማን እንደ ኾነ ከተገለጠ በኋላ፥ የሰረቀውም የፋቀውም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል ቃል ብዙ ጊዜ ይከተላል። ይሁን እንጂ የቀድሞው ስም ተፍቆ የአዲሱ ባለቤት ስም በላዩ የተጻፈባቸው መጻሕፍት ጥቂቶች አይደሉም።

እንግዲህ ፋቂ ከሌባ ጋር በአንድ ውግዘት የታሰረው ስለ ምንድን ነው? መጽሐፉን በገንዘቡ የገዛ ሰው በንብረቱ ላይ እንደ ወደደ ሊያደርግ አይችልምን? ገዢው የገዛው ብራናውንና በውስጡ ያለውን ትምህርት ነው፤ የሌላው ሰው ምስክርነት ግን አይሸጥም፥ አይለወጥም። የተሰረቀ መጽሐፍ ስሙ እስካለ ድረስ አንድ ቀን ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል፤ ስሙ የተፋቀ እንደ ኾነ ግን መመለሻ መንገዱ ይጠፋል። ሌባ ንብረትን ሲወስድ ፋቂ እውነትን ይወስዳል።

የዚህን ነገር ክብደት የመቅደላ መጻሕፍት ያስረዳሉ። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ካከማቿቸው መጻሕፍት ብዙዎቹ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የተወሰዱ ነበሩ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን በያዘ ጊዜ ደግሞ 350 ያህሉ ወደ ሎንዶን ተወስደው ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። በቅጠሎቻቸው የቀሩት የባለቤቶች ስሞች ለማንም አያዳሉም፤ የባዕዱን ጦር ሥራ ብቻ ሳይሆን የገዛ ንጉሣችንንም ሥራ ይመሰክራሉ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው በጠየቁ ጊዜ፥ ብሪቲሽ ሙዚየም በ1865 ዓ.ም. አንዱን መልሷል፤ በባለዐደራዎቹ ትእዛዝ ለኢትዮጵያ ንጉሥ መመለሱንም በመጽሐፉ ላይ ጽፎበታል። ያች አጭር ጽሕፈት መጽሐፉ በማን እጅ እንደ ነበረና በማን እጅ እንደ ገባ ሳትሸሽግ ትናገራለች፤ ከፋቂው ሥራ ተቃራኒው ይህ ነው።

በዘመናችንም አሮጌ መጽሐፍ የሚገዛ መምህር ወይም ተማሪ በመጀመሪያው ገጽ የማያውቀውን ሰው ስም ቢያገኝ ገጹን ቀድዶ አይጣል፤ የራሱን ስም ከሥሩ ይጻፍ። ያገኘው የቤተ መጻሕፍት ማኅተም ኾኖ መጽሐፉ በስርቆት የወጣ መኾኑን ቢረዳ ግን ለባለቤቱ ይመልስ። የመጽሐፍ ዕድሜ ከሰው ዕድሜ ይረዝማልና ሁላችንም ባለዐደራዎች እንጂ የመጨረሻ ባለቤቶች አይደለንም። ዛሬ የሌላው ስም በእጃችን እንደ ወደቀ፥ ነገ የእኛም ስም በማናውቀው ሰው እጅ ይወድቃል።