«ሳይረዳ የቀረው አምላክ»፦ የሐዘንተኛውን ምሬት እንዴት እንስማ?



ሰው በጽኑ ሐዘን ጊዜ በእግዚአብሔር ላይ የሚያሰማውን የምሬት ቃል እንዴት ልንሰማው ይገባናል? እንደ ስድብ ቈጥረን ጆሯችንን እንድፈን? ወይስ ቃሉን ያወጣውን ቁስል እንመርምር? ይህን ጥያቄ የሚያስረዳን አንድ ምሳሌ፣ ብዙዎቻችን በማንጠብቀው ስፍራ፣ በኤሌክትሪክ ጊታርና በከበሮ ኃይለኛ ድምፅ በሚታወቀው በሄቪ ሜታል ሙዚቃ ውስጥ ይገኛል።

ሜታሊካ የተባለው የሙዚቃ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ፣ በሎስ አንጀለስ ከተማ ተመሠረተ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እጅግ ፈጣንና ውስብስብ ዘፈኖችን ይጫወት ስለ ነበር አድማጮቹ በአብዛኛው የዚሁ ሙዚቃ ወዳጆች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1991 በራሱ ስም ሰይሞ ባወጣውና ከሽፋኑ ቀለም የተነሣ «ጥቁሩ አልበም» በሚባለው ሥራው ግን፣ በአዘጋጁ በቦብ ሮክ እየተረዳ ዘፈኖቹን አሳጠረ፤ ፍጥነታቸውን ቀንሶ ዜማቸውን ግልጽ አደረገ። አልበሙ እንደ ወጣ በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ፤ በዚያች አገር ብቻ ከ16 ሚሊዮን በላይ ቅጂዎች ተሸጡ። በዳር ይሰማ የነበረው ሙዚቃ በየቤቱ ገባ።

ከአልበሙ 12 ዘፈኖች መካከል ርእሱ በአማርኛ «ሳይረዳ የቀረው አምላክ» እንደ ማለት የሆነ አንድ ዘፈን አለ። ዘፋኙ ጄምስ ሄትፊልድ ያደገው የክርስቲያን ሳይንስ እምነት ተከታይ በሆነ ቤተ ሰብ ውስጥ ነው። ሜሪ ቤከር ኤዲ በ19ኛው መቶ ዓመት በአሜሪካ የመሠረቱት ይህ እምነት ሕመምን እንደ አእምሮ ስሕተት ያያል፤ ተከታዮቹም በአብዛኛው ከሐኪም ይልቅ በጸሎት መፈወስን ይመርጣሉ። የሄትፊልድ እናት ካንሰር ሲይዛቸው በእምነታቸው ጸንተው ሕክምና ሳይቀበሉ ዐረፉ። ልጁ ያን ጊዜ ገና 16 ዓመቱ ነበር። ከዐሥር ዓመት በላይ የታመቀው ሐዘን ቁጣ ሆኖ በዘፈኑ ወጣ።

በእናቲቱ ላይ ልንፈርድ አንደፍርም። ሕሊናቸው እውነት ነው ያላቸውን ይዘው መከራን ታግሠዋል፤ ቢታከሙ ኖሮ ይድኑ እንደ ነበርም ማንም በእርግጥ ሊናገር አይችልም። ነገር ግን አንድ ነገር ልንለይ ይገባል። በዚህ ዘፈን የተከሰሰው አምላክ መድኃኒት መውሰድን እንደ እምነት ማነስ የሚቈጥር አምላክ ነው። ይህም የሕያው እግዚአብሔር መልክ አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትንም ከፈጣሪ እንደ ተሰጠ አድርገን እንድንቀበል ያስተምረናል። በአገራችንም ጠበል የሚጠመቀውን ሕመምተኛ መድኃኒቱን እንዲተው የሚመክሩ ሰዎች ስላሉ፣ ነገሩ ከእኛ የራቀ አይደለም።

«ታዲያ በእግዚአብሔር ላይ የሚያጕረመርም ዘፈን ምን ይጠቅመናል?» የሚል ይኖራል። የዘፈኑን ድምዳሜ አንቀበልም። ሆኖም ጻድቁ ኢዮብ በመከራው ጊዜ የተወለደበትን ቀን ረግሟል፤ ከፈጣሪውም ጋር ተሟግቷል። በመጨረሻ የእግዚአብሔር ቁጣ የነደደው ለእግዚአብሔር የቆሙ መስሏቸው ያለ ርኅራኄ በፈረዱት በወዳጆቹ ላይ ነበር። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ቤተ ክርስቲያን በዛሬው ዓለም ባወጣው ሰነድ፣ ምእመናን በተሳሳተ ትምህርትና በኑሯቸው ጉድለት የእግዚአብሔርን እውነተኛ ፊት ሲሸፍኑ ለክህደት መነሣት ድርሻ እንደሚኖራቸው አሳስቧል። ስለዚህ አንድ ወጣት «እግዚአብሔር አልረዳኝም» ሲለን፣ ከመገሠጻችን በፊት ስለ የትኛው አምላክ እንደሚናገር፣ ያንንም መልክ ማን እንዳሳየው እንጠይቅ።

ሐኪምም ጸሎትም ሳይጐድል ሞት የሚመጣበት ጊዜ አለ። በዚያን ጊዜ ወላጁን ያጣ ልጅ በፊታችን ቢቀመጥ፣ «እምነት ቢኖራት ኖሮ ትድን ነበር» የሚል ቃል ከአፋችን አይውጣ። «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ብለንም ለማጽናናት አንቸኩል። ጌታችን አልዓዛርን ሊያስነሣው ሳለ እንኳ አስቀድሞ ከእኅቶቹ ጋር አልቅሷል። እኛም አስቀድመን እናልቅስ፤ ትምህርቱ በጊዜው ይደርሳል። የመጽናናት ሁሉ አምላክ የሚሰማ ልብ ይስጠን።