ስለ ገንዘብ አያያዝ፤ ቈጣቢነትና ንፉግነት አንድ አይደሉም

ገንዘብ ለሰው ልጅ ኑሮ አገልጋይ እንዲሆን የተበጀ ነገር ነው እንጂ ጌታ ሆኖ የተሾመ አይደለም። አገልጋይነቱ ግን የሚታወቀው ያዡ ልክ ሲያበጅለት ነው። ልክ ያልተበጀለት ገንዘብ በአባካኝ እጅ ቢገባ እንደ ጢስ ይበተናል፤ በንፉግ እጅ ቢገባ ደግሞ ባለቤቱን አስሮ ያኖረዋል። ስለዚህ ከጥንት ጀምሮ ሲጠየቅ የኖረው ጥያቄ ይህ ነው፤ ለነገ የሚያስቀምጥ ሰው ብልኅ ነውን? ወይስ እምነቱ የጐደለ ስስታም ነው? ይህ ጥያቄ በትምህርት ቤት ብቻ የሚነሣ አይደለም፤ በገበያ፥ በጓሮና በምድጃ ዳር በየዓመቱ ይነሣል። በተለይም የዓመቱ ገቢ በጥቂት ወራት ተሰብስቦ በሚመጣበት አገር፥ የመልሱ ደግነትና ክፋት የቤተ ሰብን ኑሮ ያቆማል ወይም ያፈርሳል።

ለዚህ ነገር ዲላና በዙሪያዋ ያለው የጌዴኦ ምድር መልካም ምስክር ነው። ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የቡና ገበያ ከተማ ናት፤ ከእርስዋ ወደ ደቡብ ሲሄዱ ወናጎ፥ ይርጋ ጨፌ፥ ኮቸሬና ገደብ ይገኛሉ። የይርጋ ጨፌ ቡና ስሙ ባሕር ተሻግሮ የታወቀ ነው። ቀዩ ቡና ከጥቅምት ወር ጀምሮ በሚለቀምበት ወራት ብር እንደ ክረምት ወንዝ ሞልቶ ይመጣል። የተበደረ ይከፍላል፥ ያጨ ይድራል፥ ቤቱ ያፈሰሰበት ቆርቆሮ ይገዛል፤ ይህ ሁሉ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ወንዙ ብዙ ሳይቈይ ይጐድላል። ክረምት ሲገባ፥ በሽታው፥ የእህሉ ዋጋና ለልጆች ትምህርት የሚሆነው ወጪ በአንድነት ሲመጡ፥ በጥር ወር ባለጠጋ የነበረው ብዙ ቤት ባዶ እጁን ይገኛል።

ያን ጊዜ አበዳሪው ይመጣል። ገና በዛፉ ላይ ያለውን፥ ያልቀላውን ቡና ተዋውሎ ገንዘቡን አስቀድሞ ይሰጣል። የተዋዋሉበት ዋጋ በመከር ጊዜ ከሚገኘው ያነሰ ነው፤ ልዩነቱ ወለድ ተብሎ ባይጠራም ወለድ ነው። መከር ሲደርስ ቡናው ለዕዳው ይሄዳል፤ ቤቱም ዳግመኛ ባዶ ስለሚሆን በሚመጣው ክረምት እንደ ገና ይበደራል። እንዲህ ሲሆን ገበሬው በራሱ ጓሮ የራሱን ዛፍ ለሌላ ሰው የሚጠብቅ ዘበኛ ሆነ ማለት ነው። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬዎች በሚጭሌ በባለ መሬቶች ላይ ተነሥተው ደም የፈሰሰው የድካማቸው ፍሬ ለራሳቸው እንዲሆን በመሻት ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅም የገጠሩን መሬት ከባለ ርስት እጅ አውጥቶ ጭሰኝነትን ሻረ። ዕዳ ግን ዐዋጅ የማይሽረው ሁለተኛ ጭሰኝነት ነው፤ ከዚህ የሚያወጣው በመከር ጊዜ የተቀመጠ ጥቂት ብር ብቻ ነው። እንግዲህ የቍጠባ ፍሬ ነገሩ ገንዘብን መውደድ አይደለም፤ የነገን ነጻነት ዛሬ መዋጀት ነው።

በዚህ ላይ አንዳንድ መንፈሳዊ ሰዎች መልስ ይሰጣሉ። ለነገ አትጨነቁ የተባለ አይደለምን? ባለጠጋውስ ጐተራውን አስፍቶ ሊሠራ ባሰበበት ሌሊት ነፍሱን የተጠየቀ አይደለምን? ይላሉ። መልሱ ከዚያው ከመጽሐፉ ይገኛል። እስራኤል በምድረ በዳ ከልካቸው አሳልፈው ያሳደሩት መና ተላ፤ በሰንበት ዋዜማ ለሰንበት ያስቀመጡት ግን አልተላም። መናው አንድ ነው፥ ማሳደሩም አንድ ነው፤ የተለያየው የተቀመጠበት ምክንያት ነው። ዮሴፍም በጥጋቡ ዘመን ከግብፅ እህል አምስተኛውን እጅ እንዲያከማች የመከረ ሰው ነው፤ ስለዚህም ምክር ተመሰገነ እንጂ አልተነቀፈም፤ ያከማቸው ለሕዝብ ሁሉ ነበርና። የጐተራው ባለጠጋ ጥፋትም ጐተራ መሥራቱ አይደለም፤ ባሰበው አሳብ ሁሉ ከራሱ በቀር ሌላ ሰው አለመገኘቱ ነው። ስለዚህ ቈጣቢና ንፉግ የሚለዩት በሣጥናቸው ውስጥ ባለው ብዛት አይደለም። ቈጣቢ የሚያስቀምጠው ስለ ምን እንደ ሆነና መቼ እንደሚያወጣው ያውቃል፤ ንፉግ ግን የሚያወጣበት ቀን የለውም። ልጁ ታሞ ሣጥኑን የማይከፍት ሰው ቈጣቢ ሳይሆን የሣጥኑ እስረኛ ነው።

የጌዴኦ ሰው ስለ ቍጠባ ከሩቅ አገር መምህር ማስመጣት አያስፈልገውም፤ መምህሩ በጓሮው ቆሞአል። እንሰት ተተክሎ ለምግብ እስኪደርስ እንደ ቦታውና እንደ ዘሩ ከ4 እስከ 7 ዓመት ያህል ይፈጃል። ባለቤቱ የዘንድሮውን፥ የከርሞውንና ከዚያም ወዲያ የሚሆነውን በአንድ ጓሮ ጐን ለጐን ያቆማል፤ የደረሰው ሲፋቅ በፈንታው ችግኝ ይተከላል። ቆጮውም በቅጠል ተሸፍኖ በጕድጓድ ይቀበርና ብዙ ወራት ይቈያል። ዝናብ ሲዘገይ እህል ብቻ የሚዘራ አገር ሲጨነቅ፥ እንሰት ያለው ቤት ፋታ ያገኛል። ቡና፥ እንሰትና ትልልቅ ዛፎች ተደጋግፈው የሚኖሩበት ይህ የጌዴኦ መልክአ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፎአል።

ታዲያ በእንሰቱ ቈጣቢ የሆነ ሰው በቡናው ገንዘብ አባካኝ የሚሆነው ስለ ምን ነው? ምክንያቱ እንዲህ ነው። እንሰት ሲፋቅ ድካም አለው፤ ጐረቤት ያየዋል፤ የተነቀለበትም ቦታ ክፍት ሆኖ ይታያል። ብር ግን ከኪስ ሲያልቅ ድምፅ የለውም። ደግሞም እንሰት ዕድሜው በቁመቱ ይታወቃልና ያልደረሰውን የሚነካ የለም፤ የብር መልኩ ግን የዛሬውም የከርሞውም አንድ ነው። ሌላም ምክንያት አለ፤ እንሰቱን የምትፍቀውና የቤቱን ስንቅ ልክ የምታውቀው እመቤቲቱ ስትሆን፥ የቡናውን ብር ብዙ ጊዜ የሚቀበለው ባልዮው ነው፤ ልኩን የሚያውቀውና ብሩን የያዘው ካልተማከሩ ቤቱ በሁለት መሪ እንደሚነዳ ጋሪ ይሆናል። እንግዲህ የቈጣቢነት መጀመሪያው ብርን እንደ እንሰት በዕድሜ መለየት ነው። በመከር 60,000 ብር የገባለት ቤት በወር 5,000 ብር እንዳለው እንጂ ዛሬ 60,000 እንዳለው ሊያስብ አይገባውም፤ የሐምሌን ድርሻ በጥር የሚነካ ሰው ያልደረሰ እንሰት እንደ ነቀለ ይቈጠር።

አሁን የሚቀጥለው ጥያቄ ገንዘብ የት ይቀመጥ የሚለው ነው። አባቶች ጠገራ ብርን በማሰሮ አድርገው በመሬት ይቀብሩ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ በ1898 ዓ.ም.፥ የአቢሲኒያ ባንክ በአዲስ አበባ ሲከፈትም ብዙ ሰው በዓይኑ የማያየውን ገንዘብ ለማመን አልቸኰለም። ጠገራው ብር በመሆኑ ቢቀበርም አይበሰብስም፤ የወረቀት ገንዘብ ግን እንዲህ አይደለም። በ1969 ዓ.ም. ኖት ተለወጠ፤ በመስከረም 2013 ዓ.ም.ም ዳግመኛ ተለወጠና አሮጌውን ለመቀየር የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። ከዚያ በኋላ በፍራሽ ሥር የቀረው ወረቀት፥ ወረቀት ብቻ ሆነ።

ይሁን እንጂ ባንክ ያስቀመጠ ሁሉ አተረፈ ማለት እውነትን መሸፈን ይሆናል። ባንኮች ለተቀማጭ የሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከመቶ 7 እንዲሆን ተወስኖ ሳለ፥ በ2014 ዓ.ም. የዕቃ ዋጋ በዓመት ከመቶ 30 በላይ ጨመረ። 100 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 107 ብር ሲያገኝ፥ ያው ዕቃ 130 ብር ሆኖ ጠበቀው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግም ብር በጥቂት ወራት ከዋጋው እኩሌታ በላይ አጣ። ታዲያ ቍጠባ ከንቱ ነውን? አይደለም። ለክረምት የሚሆን ብር ስድስት ወር ተቀምጦ ጥቂት ቢቀንስ፥ ቡናን በዛፉ ላይ ከመሸጥ ጋር ሲመዛዘን ኪሳራው ትንሽ ነው። ለብዙ ዓመት የሚቀመጠው ግን በብር ብቻ ባይሆን ይሻላል፤ አሮጌው የቡና ዛፍ ተጐንድሎ እንዲታደስ፥ ላም እንዲገዛ፥ ልጅ እንዲማር ቢደረግ ዋጋው ከገበያው ጋር አብሮ ያድጋል።

በዚህ መካከል አገሩ ራሱ ያበጀው ዕቁብ የተባለው ብልኀት አለ። 20 ሰዎች በየሳምንቱ 500 ብር ቢያወጡ፥ ዕጣ የወጣለት 10,000 ብር ይወስዳል። በመጀመሪያ የሚወስደው ተበዳሪ ነው፤ በመጨረሻ የሚወስደው አበዳሪ ነው፤ ዕጣው ግን ማን ማን እንደሚሆን አስቀድሞ ስለማይናገር አንዱ በሌላው ላይ አይኰራም። ወለድ የለውም፤ ዋሱ የሰው ፊትና የወዳጅ እምነት ነው። ብቻውን ሲሆን ከራሱ ጋር የገባውን ቃል የሚያፈርስ ሰው በዕቁብ ዳኛ ፊት ቃሉን ለማፍረስ ያፍራል። ይኸው መንገድ በሰፊው ሲሆን ማኅበር ይሆናል፤ በ1994 ዓ.ም. የተቋቋመው የይርጋ ጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን ገበሬው ለብቻው ሆኖ ከገበያ ጋር እንዳይገጥም ታስቦ የተመሠረተ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህ ነው።

የቍጠባ ሁሉ መጨረሻ ፈተና ግን በ2010 ዓ.ም. ታየ። በጌዴኦና በጉጂ አዋሳኝ በተነሣው ጠብ ብዙ መቶ ሺህ ሰው፥ አብዛኛው ጌዴኦ፥ ቤቱንና ጓሮውን ትቶ ተሰደደ። እንሰቱ በጓሮ ቀረ፤ ቡናው በዛፉ ቀረ። ያን ጊዜ ስደተኛውን የተቀበለው የዘመድና የወዳጅ ቤት፥ ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን ነበር። በዚያ ወራት እጅግ ብዙ ሰው ያደረው ሌላው ባስቀመጠው ቆጮና ባሰናዳው ጣራ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር በአንድነት ተገለጠ፤ ምንም ያላስቀመጠ ቤት ቢወድድም እንግዳ ሊቀበል አይችልም፤ አስቀምጦ በሩን የዘጋም ቤት ማስቀመጡ ለማንም አልጠቀመም።

እንግዲህ አባካኙ ቸር ነኝ ብሎ አይመካ፤ በጥር ወር ያለ ልክ የሚጋብዝና በሐምሌ ወር ለልጁ እራት ከጐረቤት የሚለምን ሰው የጋበዘው በልጁ ድርሻ ነውና። ንፉጉም ቈጣቢ ነኝ ብሎ አይመካ፤ ማውጫ ቀን የሌለው ገንዘብ ከተቀበረ ድንጋይ አይለይምና። ባልና ሚስት በመከር ማግስት አብረው ተቀምጠው የዓመቱን ወራት ቢቈጥሩ፥ ለየወሩ ድርሻውን ቢለዩ፥ ከድርሻውም ለሚያንኳኳ ሰው ጥቂት ቢያስቀሩ፥ በክረምት አበዳሪው መጥቶ ቡናው ስንት ነው ብሎ ሲጠይቅ፥ መከር ሲደርስ በገበያው ዋጋ ና ብለው በሰላም ይሸኙታል።