ጊዜን የሚተካው ምንድር ነው?

በሰሜን ስፔን ሪዮሃ በምትባል አገር ቀይ የወይን ጠጅ፣ ከኦክ ዛፍ በተሠራና 225 ሊትር በሚይዝ በርሜል ተሞልቶ ይቀመጣል። በአገሩ ደንብ «ክሪያንሳ» ተብሎ የሚሸጠው ቢያንስ አንድ ዓመት፣ «ግራን ሬሴርቫ» የሚባለውም ቢያንስ ሁለት ዓመት በእንጨት ውስጥ መቆየት አለበት። አየር በእንጨቱ ጥቂት በጥቂት እየገባ የወይኑን ሻካራ ጣዕም ያለዝበዋል፤ እንጨቱም መዓዛውን ያካፍለዋል።

ይሁን እንጂ ይህን ጊዜ የሚያሳጥር ብልሃት ተገኝቷል። የኦክ ስንጣሪ በብረት ጋን ውስጥ ነክረው የእንጨቱን ጣዕም ፈጥነው ያወጣሉ፤ የአውሮፓ ኅብረትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 ደንብ አውጥቶ ይህን ፈቅዷል። እንግዲህ እንጠይቅ፤ ጣዕሙ ከተመሳሰለ ገዢው ምን ተጐዳ? ምላስ ያልለየውን ኅሊና ስለ ምን ይለየዋል?

ስንጣሪው ራሱ ነውር የለበትም፤ በግልጥ ቢሸጥ ማንም አልተበደለም። በደሉ የሚመጣው ያልቆየውን «ቆየ» ባሉ ጊዜ ነው። ሕጉም በስንጣሪ የተሠራውን «በበርሜል የቆየ» ብሎ መጻፍን ይከለክላል። ገዢው ከጣዕሙ ጋር የአንድን ሰው ትጋት አምኖ ገዝቷልና።

ይህንንም ትጋት፣ በፋብሪካ የተቀመመ ማዳበሪያ ሳይጨምር ወይኑን በሚያለማ በአንድ ትንሽ ጠማቂ ዘንድ እናስተውል። በበርሜሉ ያለው ወይን በየጊዜው ይተናል፤ ባዶ ቦታ ከተተወለትም አየሩ ወደ ኮምጣጤ ይለውጠዋል። ከመበላሸት የሚጠብቀው ሰልፋይት የተባለ የድኝ ቅመም፣ በአውሮፓ ኅብረት ስኳሩ ላለቀ ተራ ቀይ ወይን በሊትር እስከ 150 ሚሊግራም ሲፈቀድ፣ «ኦርጋኒክ» ለሚባለው ለዚህ ወይን ግን ከ100 እንዳያልፍ ተወስኗል። መድኃኒቱ ባነሰ መጠን ጥበቃው ይበዛል። ስለዚህ ጠማቂው ወደ ምድር ቤት እየወረደ የጐደለውን ከራሱ ወይን ይሞላል፤ አተላውንም ትቶ የጠራውን ወደ ሌላ በርሜል ይገለብጣል። በዚያ ጨለማ ቢተጋ የሚያመሰግነው፣ ቢሰንፍም የሚከሰው የለም።

ወዳጆች ሆይ፣ ወይን ጠጅ የምንቀምስም የማንቀምስም ብንሆን ነገሩ ይመለከተናል። ሥራን ፈጥኖ መፈጸም መልካም ነው፤ ያልደከሙበትን እንደ ደከሙበት አድርጎ ማቅረብ ግን የባልንጀራን አደራ መብላት ነው። እኛስ ማንም በማያየን ስፍራ የጐደለውን ሞልተናልን?