ከተሸጠ በኋላ የማን ነው?

ለመሆኑ አንድ ነጋዴ ዱቄት ሸጦ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ «ለእንጀራ እንጂ ለገንፎ እንዳታደርገው» ብሎ ገዢውን ሊያዝ ይችላልን? ጥያቄው ያስቃል። ይሁን እንጂ የስልክ ኩባንያዎች በኢንተርኔት የሚደረግ የድምፅ ጥሪን ሲገድቡ የሚሠሩት ከዚህ የተለየ ሆኖ አልታየኝም። ደንበኛው ኢንተርኔቱን በሜጋባይት አስቆጥሮ፣ ሒሳቡን አስቀድሞ ከፍሎ ገዝቷል። ስልኩም ለጥሪው ብቁ ነው። ታዲያ ጽሑፍና ፎቶግራፍ ሲልክ የማይከለከል ሰው ድምፁን ሲልክ ስለ ምን ይከለከላል?

ይህ የአንድ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው ኩባንያ በሞባይል መረቡ ላይ የአይፎን ባለቤቶች በኢንተርኔት እንዲደውሉ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2009 ነበር። በአገራችንም በ1994 የወጣው አዋጅ ቁጥር 281 በኢንተርኔት የድምፅና የፋክስ አገልግሎት መስጠትንም ሆነ መጠቀምን ከልክሎ ነበር። በ2004 የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ደግሞ አገልግሎቱን በሚሰጠው ላይ ከ3 እስከ 8 ዓመት፣ በሚጠቀመው ላይ ከ3 ወር እስከ 2 ዓመት እስራትና ከ2,500 እስከ 20,000 ብር መቀጮ ደነገገ። ያን ጊዜ ስካይፕ ሊያሳስር ነው ተብሎ ብዙ ሰው ደነገጠ፤ መንግሥት ግን ለግል መጠቀም አልተከለከለም ሲል አስተባበለ።

የከልካዮቹን ክርክር በቅንነት እንስማ። መረብ የሚዘረጋው በገንዘብ ነው፤ ገንዘቡም በአመዛኙ ከውጭ አገር ጥሪ ይገኝ ነበር። ከውጭ የመጣን ጥሪ በኢንተርኔት አሳልፎ በሲም ቦክስ የአገር ውስጥ ጥሪ አስመስሎ የሚያስገባ ሰው የሕዝብን ገቢ ይሰርቃል። ይህን አልክድም፤ ይቀጣ። ነገር ግን በሌላው መሥመር የሚነግደውና በከፈለችበት ኢንተርኔት ከልጇ ጋር የምታወራው እናት በአንድ ገመድ ሊታሰሩ አይገባም።

እኔ በምኖርበት በጌጃ ሰፈር ልጆቻቸውን ወደ ዐረብ አገር የላኩ እናቶች አሉ። ከእነርሱም ፊደል ያልቆጠሩ ይገኛሉ። ጽሑፍ ተፈቅዶ ድምፅ ሲከለከል የተማረው ሰው ጽፎ ይገላገላል፤ ማንበብ የማይችለው ግን በሩ ይዘጋበታል። ክልከላው ለሁሉም እኩል ቢነገርም የሚወድቀው በደካማው ጫንቃ ላይ ነው።

ሳውዲ ዐረቢያ ክልከላዋን ያነሣችው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ስካይፕ ተዘጋ፤ ወዲያውም በ2018 መጀመሪያ ቦቲምን በመሳሰሉ የተፈቀዱ መተግበሪያዎች ለመደወል በሞባይል በወር 50 ድርሃም እንዲከፈል ተደረገ። ለሀብታሙ ይህ ምንም ነው። ለቤት ሠራተኛዋ ግን ለእናቷ ከምትልከው ላይ የሚቀነስ ነው። ደግሞስ የተደበደበች ወይም ደመወዟን የተነፈገች ልጅ ጩኸቷ የሚሰማው በምንድን ነው? በዚህችው ስልክ አይደለምን? ሲለቱ ረሕም፣ ማለትም ዝምድናን መቀጠል፣ በሃይማኖታችን ግዴታ እንጂ ቅንጦት አይደለም።

«ታዲያ በቪፒኤን ተደብቃ ብትደውል ትኮነናለችን?» የሚል ይኖራል። ፈትዋ መስጠት የዑለማዎች ድርሻ ነው። እኔ በበኩሌ ደውዪ ብዬ ልመክራት አልደፍርም፤ የኤምሬቶቹ ሕግ በእንዲህ ዓይነት መሸሸጊያ ወንጀል ለሚፈጽም ከ500,000 እስከ 2 ሚሊዮን ድርሃም መቀጮ ደንግጓልና። አደጋው የሚደርሰው በእርሷ ላይ እንጂ በእኔ በመካሪው ላይ አይደለም። ነገር ግን በሩን የዘጋው ሳይጠየቅ በመስኮት የገባችውን ብቻ መውቀስ ሚዛናዊ ፍርድ አይመስለኝም።

ከቁርኣን ምዕራፎች አንዱ፣ ሱረቱል ሙጠፊፊን፣ በሚዛን አጉዳዮች ስም መጠራቱን ልብ እንበል። ሚዛን የሚጎድለው እህል ሲሰፈር ብቻ አይደለም። የተሸጠን ነገር ግማሹን መልሶ መያዝም ማጉደል ነው። ኩባንያው ወጪው ካልተሸፈነለት የኢንተርኔቱን ዋጋ በግልጽ ይናገር፤ ገዢውም ዐውቆ ይግዛ ወይም ይተው። ገንዘቡን ተቀብሎ የእናትና የልጅን ድምፅ መያዝ ግን ንግድ አይባልም።

ወላሁ አዕለም።