ያልተለቀሰለት ኀዘን



ሐዋርያው ጳውሎስ እግዚአብሔር በመከራችን የሚያጽናናን እኛም በተራችን የተጨነቁትን ለማጽናናት እንድንችል መሆኑን ያስተምረናል (2ቆሮ. 1፥3-4)። መጽናናት እንግዲህ አደራ ነው፤ የተቀበለ ሁሉ ለሌላው ሊያደርሰው ይገባል።

በወረታና በፎገራ ሜዳ ሴት በሰላም ስትገላገል ጎረቤት ተሰብስቦ ገንፎ ይበላል፣ እልልታው ይሰማል። ሰው ሲሞት ንፍሮ ይቀቀላል፣ እድርተኛው ከኀዘንተኛው ጋር ይቀመጣል። ጽንሷ ለጨነገፈባት እናት ግን ገንፎም ንፍሮም የለም። ሳትጠና ወደ ሩዝ አረሟ ትመለሳለች። የሚጠይቃት ቢኖርም «እግዚአብሔር ሌላ ይተካልሽ» ብሎ ያልፋል። ከጀርባዋም «ከባድ ተሸክማ ነው፤ ሾተላይ አለባት» እየተባለ ይወራል።

በመጀመሪያ እውነቱን እንናገር። እ.ኤ.አ. በ2021 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በዓለም ላይ በየዓመቱ 23 ሚሊዮን ያህል ጽንስ እንደሚጨነግፍ ገምቷል፤ ይህም ከታወቁ 100 እርግዝናዎች 15 ያህሉ ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሚደርሰው ግማሽ ያህሉ ጽንሱ ሲጀመር ከሚያጋጥም የክሮሞዞም ጉድለት የሚመጣ ነው፤ በእናቲቱ ጥፋት የመጣ አይደለም። ከክረምቱ ዝናብና ከርብና ከጉማራ ወንዞች ሙላት በኋላ የሚበረታው ወባም ጽንስ ያስወርዳል፤ ስለዚህ ነፍሰ ጡር በአጎበር ትተኛ፣ ትኩሳት ወይም ደም ስታይም ሳትዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ። ሐኪሞች ሾተላይ የሚሉት የእናትና የጽንስ ደም አለመጣጣም በምርመራ ይታወቃል፤ አስቀድሞ በመርፌ መከላከልም ይቻላል።

ሁለተኛም የሚያጽናናት ማን እንደ ሆነ እናስተውል። እመቤታችን ማርያም ፈጥና ወደ ተራራማው አገር ወጥታ፣ እንደ እርሷ ጽንስ የተሸከመችውን ኤልሳቤጥን ጎበኘች፤ ሦስት ወር ያህልም አብራት ተቀመጠች (ሉቃ. 1፥39-56)። የሴትን ልብ በዚያው መንገድ የምታልፍ ሴት ታውቀዋለች። በየመንደራችን ይህን ኀዘን ዓመታት ሸሽገው የኖሩ እናቶች አሉ። ከእነርሱ አንዲቱ ቡና ይዛ ሄዳ «በእኔም ደርሷል» ብትላት፣ ይህች ቃል ከብዙ ስብከት ትበልጣለች።

እናንተ መምህራን ሆይ፣ የእግዚአብሔርን ምስጢር ለማስረዳት አትቸኩሉ። ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ አንዲቱን ከሌላይቱ አገናኙ፤ ምስጢራቸውንም ጠብቁ። ባልየውንም አትርሱ፤ እርሱም አባት ነበረና ያዝናል።

በመጨረሻም ተስፋችንን እናስብ። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ሳይጠመቁ የሞቱትን ሕፃናት ለእግዚአብሔር ምሕረት አደራ እንድንሰጥ ያስተምራል (ቁ. 1261)። በማኅፀን ሳለን የሚያየን አምላክ (መዝ. 139) እኛ ስም ያላወጣንለትን አይረሳም። ስለዚህ ወላጆች ሲለምኑ አብረናቸው እንጸልይ።

ራሔል ስለ ልጆቿ ስታለቅስ የሰማ እግዚአብሔር እናቶቻችንን ያጽናና፤ እኛንም የመጽናናቱ መልእክተኞች ያድርገን። አሜን።